ጣና በመተማ በኩል ሲታይ

ስለ ጣና ጉብኝት የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የሚጀምረው ከባሕር ዳር ነው። እንግዳው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይመጣል፣ ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ያድራል፣ ጠዋት በሞተር ጀልባ ዘጌ ደርሶ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። ይህ ልማድ የቅርብ ጊዜ ነው። ባሕር ዳር የጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን የከበበች መንደር ሆና በኖረችበት ረጅም ዘመን ከውጭ ዓለም ወደ ጣና የሚያስገቡት ዋና መንገዶች ሁለት ነበሩ። አንዱ ከምጽዋ በትግራይ በኩል የሚመጣው ሲሆን ሁለተኛው ከሰናር ተነሥቶ የምዕራቡን ቆላ አቋርጦ ዛሬ መተማ ዮሐንስ በምንለው አካባቢ በኩል ወደ ጭልጋና ደንቢያ የሚወጣው ነው። በዚህ በሁለተኛው መንገድ ስደተኛም፣ ሐኪምም፣ ነጋዴም፣ መልእክተኛም፣ የጦር ሠራዊትም፣ መሐንዲስም ተመላልሶበታል። እነዚህን ሰዎች በየዘመናቸው ስንከተል የምናገኘው ታሪክ የጉብኝት መጽሔቶች ከሚነግሩን ይለያል። ጣናን እስከ ዛሬ ለጎብኚ ያቆየው ውበቱ አይደለም፤ ገዳማቱ በሰውና በመሬት ላይ የጣሉት ሥርዓት ነው። ውበት ብቻውን ምን እንደሚሆን ከዚያው ከሐይቁ አፍ ላይ ማስረጃ አለ፤ በጊዜው እንደርስበታለን።

ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል፤ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ በጣም ጥልቅ በሆነበት ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር አይዘልም። መተማ ደግሞ በ700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ሰሊጥና ጥጥ የሚበቅልባት፣ በበጋ ሙቀቷ የሚከብድ ቆላ ናት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የመሬት አቀማመጥ ብቻ አልነበረም። የሃይማኖት ሰዎች ጣናን የመረጡት ከዓለም ለመራቅ ነው፤ በ13ኛውና በ14ኛው ክፍለ ዘመን ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ክብራን ገብርኤል፣ የጎርጎራ ደብረ ሲና ሲመሠረቱ ሐሳቡ ይኸው ነበር። ጣና ቂርቆስ ከዚህም እጅግ ቀድሞ ጽላተ ሙሴ አክሱም ከመግባቱ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ያረፈበት ነው የሚል ትውፊት ይዞ ኖሯል። ትውፊቱን የታሪክ ሰነድ አድርጎ ማቅረብ አይቻልም። ሰዎች በዚያ ደሴት ላይ እንዴት እንደሚመላለሱ የወሰነ መሆኑን ግን መካድም አይቻልም። ነገሥታቱም ይህን ስለሚያምኑ አስከሬናቸው ዳጋ እንዲያርፍ ወደዱ፤ የዳዊት፣ የዘርአ ያዕቆብ፣ የዘድንግልና የፋሲለደስ አጽም ዛሬም እዚያ ይገኛል።

ቆላውንና ሐይቁን በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ አጥብቆ ያገናኘ ታሪክ ቢፈለግ የወለተ ጴጥሮስን ያህል የለም። አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በተቀበሉ ጊዜ ወለተ ጴጥሮስ ከንጉሡ ባለሟሎች የአንዱ የመልክአ ክርስቶስ ሚስት ነበረች። ባሏን ትታ መነኰሰች፤ የአባቶቿንም ሃይማኖት አልለቅም ብላ ሕዝቡን ማስተማር ጀመረች። ንጉሡ ከማስፈራራት አልፎ ወደ ዠበይ አጋዛት። ዠበይ በምዕራቡ ሞቃት ቆላ፣ በሱዳን ጠረፍ በኩል ያለ፣ የደጋ ሰው ወባውንና ንዳዱን ፈርቶ የማይቀርበው አገር ነበር። የተላከችው እንድትረሳ ነው። ሦስት ዓመት ያህል ስትቆይ ግን ተከታዮቿ ከየአቅጣጫው እየተከተሏት ስለመጡ የመጀመሪያውን ማኅበሯን በዚያው በግዞት ቦታ አቋቋመች። ከግዞት ተመልሳ በጣና ዙሪያ ሌሎች ማኅበራትን አከታትላ ተከለች፤ ወንድም ሴትም የሚኖሩባቸው፣ በአንዲት ሴት የሚመሩ ማኅበራት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1632 ሱስንዮስ ሃይማኖቱን መልሶ ሥልጣኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ሲለቅ የጣና ገዳማት የአሸናፊው ወገን ማዕከል ሆነው ወጡ። ወለተ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1642 ዐርፋ ሬማ ደሴት ተቀበረች፤ ሠላሳ ዓመት ቆይቶ ገድሏ ተጻፈ፤ በምሥራቅ ዳር ያለችው ቆራጣም የእሷ ቦታ ሆና ቀረች። ይህን ታሪክ ያስቀደምሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የጣና ቅድስና ከጥንት ጀምሮ ሳይነካ የኖረ ነገር አይደለም፤ በግዞትና በተጋድሎ፣ በየትውልዱ እንደገና የተሠራ ነው። ከሠሩት አንዷም የቆላውን ግዞት የቀመሰች ሴት ናት።

ፋሲለደስ ጎንደርን ከቆረቆረ በኋላ የምዕራቡ መንገድ ክብር አገኘ። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ዣክ ፖንሴ አፄ ኢያሱን ለማከም ከካይሮ ተነሥቶ በሰናር በኩል ቆላውን አቋርጦ ሐምሌ 1691 ዓ.ም. ጎንደር ገባ። ከዚያ ወዲህ ያለውን የጎንደርንና የሰናርን መንግሥታት ግንኙነት አንድ ሥዕል በደንብ ይመሰክራል። የእሾህ አክሊል የደፋውን ክርስቶስ የሚያሳየው ኵርዓተ ርእሱ ነገሥታቱ ዘመቻ ሲወጡ አብሮ የሚሄድ ቅዱስ ሥዕል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1744 ዳግማዊ ኢያሱ ሰናርን ለመውጋት ቆላ ወርደው በድንድር ወንዝ አካባቢ ሲሸነፉ ሥዕሉ ከምርኮው ጋር ተወሰደ፤ በኋላ በወርቅ ተዋጅቶ ጎንደር ተመለሰ። ከ120 ዓመት በላይ ቆይቶ ደግሞ እንግሊዞች ከመቅደላ ወስደውታል፤ እስካሁን አልተመለሰም። የሰናሩ ገዢ በቤዛ የመለሰውን የአውሮፓው ዘማች እንዳስቀረው ልብ ይሏል። በእነዚያው የዳግማዊ ኢያሱ ዓመታት እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ ደቅ ደሴት አጠገብ ናርጋ ሥላሴን እያሠሩ ነበር። ልጅ በቆላ ሲዋጋ እናት በሐይቁ ላይ የድንጋይ ቅጥርና ደጀ ሰላም ታቆማለች፤ ናርጋ የጎንደር ሕንፃ ጥበብ በውሃ ላይ የተገኘበት ቦታ ሆነ። በበሩ ላይ ተቀርጾ የሚታየው ፒፓ የያዘ ፈረንጅ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ነው ይባላል። ብሩስ የመጣው በምጽዋ ቢሆንም በታኅሣሥ 1764 ዓ.ም. አገሩን ለመመለስ ሲነሣ የመረጠው የምዕራቡን መንገድ ነው፤ ራስ አል ፊል ብሎ የጠራው ወረዳ ዛሬ መተማና ጋላባት የተቀመጡበት አካባቢ ሲሆን ያስተዳድር የነበረውም ያሲን የተባለ ሙስሊም ሹም ነበር።

ራስ አል ፊል ወደ መተማ ገበያነት ያደገው በተክሩሮች ነው። ተክሩሮቹ ከዳርፉርና ከዚያ ማዶ ወደ መካ ሲሄዱና ሲመለሱ በዚህ ጠረፍ የቀሩ ሙስሊም ሐጃጆች ናቸው። ከሐጅ መንገድ ላይ የተወለደ ከተማ መሆኑ ለዚህ ጽሑፍ ትርጉም አለው፤ ቅዱስ ቦታ ፍለጋ የወጣ ሰው መተማን ሠርቷታል ማለት ነውና። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሼህ ጁማ ሲገዟት ለግብፅም ለኢትዮጵያም ግብር እየከፈለች ከሁለቱም ጋር ትነግድ ነበር። ከደጋው ቡና፣ ሰም፣ ማር፣ በቅሎና፣ ማፈሩ ባይቀርም፣ ባሪያ ይወርዳል፤ ከቆላው ጥጥና ጨርቅ ይወጣል። ኅዳር 1858 ዓ.ም. የንግሥት ቪክቶሪያ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም ሐኪሙን ሄንሪ ብላንክንና ሌተና ፕሪዶን ይዞ ከከሰላ መተማ ደረሰ። አፄ ቴዎድሮስ ወደሚገኙበት እንዲመጡ ሲፈቅዱላቸው በወህኒና በጭልጋ በኩል ወጥተው ሐይቁን በምዕራብ ዞሩ፤ ጥር ላይ ንጉሡን ካገኙ በኋላ በደንገል ታንኳ የሐይቁን ደቡባዊ ክንፍ ተሻግረው ቆራጣ ተቀመጡ። ስለ ጣና በዓይን እማኝ ከተጻፉት ሰፊ ትረካዎች መካከል የራሳምና የብላንክ መጻሕፍት የዚህ ጉዞ ውጤት ናቸው። ታንኳዋን ያየ ሰው ይህን መሻገር በቀላሉ አይወስደውም። የደንገል ግንድ በነዶ ታስሮ፣ ጫፉ ወደ ላይ ተቀልሶ፣ ውስጡ ተጨማሪ ነዶ ተደርቦ ይሠራል፤ ውሃ ወደ ውስጥ ቢገባም አይሰጥምም፣ ግን ተቀማጩ መራሱ አይቀርም፤ ጥቂት ወራት ካገለገለ በኋላ ደንገሉ ውሃ ጠግቦ ስለሚከብድ ይጣላል። የእንግሊዝ መንግሥት መልእክት በዚህ ላይ ተጭኖ ሄዷል።

ቴዎድሮስን ስናነሣ ለክርክሬ ከባዱን ፈተና እናገኛለን። ሥርዓቱ ሐይቁን ጠበቀ ከተባለ፣ ምጽራሃስ? ምጽራሃ ታላቁ ኢያሱ የተቀበሩባት፣ የጎንደር ነጋዴዎች ንብረታቸውን የሚያስቀምጡባት፣ ሸሽቶ የገባ የማይነካባት ደሴት ነበረች። ቴዎድሮስ በመጨረሻ ዓመታቸው በታንኳ ሰው አስገብተው ንብረቷን እንደወሰዱና ነዋሪዎቿን ቤታቸው ውስጥ እንዳሉ እንዳቃጠሉ ብላንክ ይተርካል። በ1859 ዓ.ም. የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ያቃጠሉ ንጉሥ ለደሴት ይራራሉ ተብሎ አይጠበቅም። ስለዚህ የገዳም ክብር ግንብ አይደለም፤ የሚሠራው ሰው ሲያምንበትና ሲፈራው ብቻ ነው። ይህ ግን ክርክሬን አያፈርሰውም። የምጽራሃ ጥፋት የተነገረው እንደ ነውር ነው፤ በዘመኑ ጦር ሲዘርፍ ማየት ብርቅ አልነበረም፤ ይህኛው ለይቶ የተጻፈው ያልተለመደ ስለነበር ነው። ቴዎድሮስም ድርጊቱን ከፈጸሙ በኋላ የቀራቸው ወዳጅ ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ፈተና የመጣው ከውጭ፣ በዚያው በመተማ በኩል ነው። በ1876 ዓ.ም. በተፈረመው የዓድዋ ውል መሠረት አፄ ዮሐንስ በሱዳን ማህዲስቶች (ደርቡሾች) የተከበቡ የግብፅ ጦር ሰፈሮችን ለማስወጣት ተስማሙ፤ የጋላባቱም ጦር በኢትዮጵያ በኩል ወጣ። ውለታው የተከፈለው በደም ነው። በ1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማ ወርደው ደርቡሽን አሸነፉ፣ ከተማዋንም አቃጠሉ። በቀጣዩ ዓመት ጥር ወር የደርቡሹ አዛዥ ሐምዳን አቡ አንጃ ብዙ ጦር ይዞ በዚያው መንገድ ወጣና በደንቢያ ሜዳ ሳር ውሃ ላይ፣ ከጣና ሰሜናዊ ዳር ብዙም ሳይርቅ፣ ተክለ ሃይማኖትን ድል አደረገ። ከዚያ ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ነው። ዮሐንስ ከመቶ ሺህ በላይ እንደነበር የሚገመት ሠራዊት ይዘው መተማ የወረዱት ይህን ለመበቀል ነው። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የደርቡሽ ዘሪባ (የእሾህ ምሽግ) ሊሰበር ሲል ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ፤ በማግሥቱ ዐረፉ። አስከሬናቸውን ይዞ የሚያፈገፍገውን ጦር የደርቡሹ አዛዥ የዘኪ ጡማል ሰዎች አትባራ ወንዝ አጠገብ ደረሱበት፤ የንጉሡ ራስ ተቆርጦ ኦምዱርማን ተወሰደ። የከተማይቱ ስም የዚህ ቀን መታሰቢያ ነው።

አሁን ሁለቱን ነገሥታት አንድ ላይ እንያቸው። ለሃይማኖቱ ሞቶ ቆላ ላይ የወደቀው የዮሐንስ አጽም መቃብር እንኳ አላገኘም። ከእሳቸው ሁለት መቶ ዓመት በፊት የሞተው፣ አቡ አንጃ ያቃጠላትን ጎንደርን የቆረቆረው የፋሲለደስ አጽም ግን ዳጋ ላይ ሳይነካ ቆይቷል። አንድ አንባቢ እዚህ ላይ ሊያቆመኝ ይችላል፦ ዳጋን የጠበቀው ቅድስና ሳይሆን ውሃ ነው፤ ፈረሰኛ ጦር በታንኳ ተሻግሮ መዝረፍ አይመቸውም ይለኛል። ለዳጋ ይህ መልስ በከፊል እውነት ነው። ለዘጌ ግን አይሠራም። ዘጌ ደሴት አይደለም፤ ወደ ሐይቁ የገባ የብስ ነው፤ በእግርም በፈረስም ይደረስበታል፤ ቴዎድሮስ በ1858 ዓ.ም. ሙሉ ሰፈራቸውን ተክለውበታል። ሆኖም በጣና ዳር ጥቅጥቅ ያለው አገር በቀል ደን የሚገኘው ዘጌ ላይ ነው። በተቃራኒው ደቅ በውሃ የተከበበ ሰፊ ደሴት ሆኖ አብዛኛው መሬቱ የእርሻ ማሳ ነው። ልዩነቱ የመጣው ከሕግ ነው። በዘጌ ትውፊት አቡነ በትረ ማርያም ማረሻ እንዳይነካው፣ ከብት እንዳይረባበት ደንግገዋል፤ የዘጌ ሰው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ከዛፉ ጥላ ሥር እየተከለ እህሉን ከማዶ እየገዛ ኖሯል። ደኑን ያቆየው ውሃ ቢሆን ኖሮ ደቅ ደን፣ ዘጌ እርሻ በሆኑ ነበር።

ከአድዋ ድል በኋላ በመተማ በኩል ብቅ ያሉት ሰዎች ጠመንጃ ሳይሆን የውሃ መለኪያ የያዙ ናቸው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ምኒልክና እንግሊዝ የሱዳንን ወሰን የወሰነ ውል ሲፈራረሙ መተማ ወደ ኢትዮጵያ፣ ጋላባት ወደ ሱዳን ሆኑ፤ በዚያው ውል በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ የውሃውን ፍሰት የሚያቆም ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ እንዳይሠራ የሚል አንቀጽ ገባ። ወዲያው የግብፅ መስኖ መሥሪያ ቤት መሐንዲስ ዱፑይ በጋላባት በኩል መጥቶ ሐይቁን አጠና፤ እ.ኤ.አ. በ1920 እና 1921 ግራብሃምና ብላክ ደገሙት፤ በ1930 ደግሞ የአሜሪካው የጄ. ጂ. ዋይት ኩባንያ መሐንዲሶች ሰፊ ጥናት አደረጉ። የሁሉም ሐሳብ በዓባይ መውጫ ላይ ግድብ ሠርቶ ጣናን የሱዳንና የግብፅ ጥጥ ማጠራቀሚያ ማድረግ ነበር። ውሃው ከፍ ይበል ሲባል የዳር አብያተ ክርስቲያናት ነገር አብሮ መነሣቱ አልቀረም። ግድቡን በዋናነት ያስቀረው የመንግሥታቱ ፖለቲካ መሆኑን መደበቅ አልፈልግም፤ ግን የገዳማቱ ስጋት ኢትዮጵያ ካነሣቻቸው ጉዳዮች መካከል ነበር፤ እንግሊዞቹም ሊንቁት አልቻሉም። በዚያው ዘመን በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን ደሴቶቹን እየዞረ የጻፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1936 የታተመው መጽሐፍ ከዚህ የውሃ ፖለቲካ ጎን የበቀለ ነው። የሐይቁን ገዳማት ለውጭ አንባቢ በዝርዝር ያስተዋወቀው መጽሐፍ ይህ ነው ማለት ይቻላል።

የዘጌን ሥርዓት ያመሰገነ ሰው ግን ሌላውንም ገጽ መግለጥ ግዴታው ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የዘጌ ቡና በሲራራ ነጋዴ ተጭኖ በመተማ በኩል ሱዳን ይገባ ነበር። ቡናው ሲፈለግ ለቀማውና እንክብካቤው ብዙ እጅ ጠየቀ፤ ያ እጅ በከፊል የባሪያ እጅ ነበር። የታሪክ ምሁሩ አብዱሰመድ አሕመድ ከ1900 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. ያለውን የዘጌን ታሪክ ሲያጠኑ የገዳሙ ካህናት ቡና ተካይም ባሪያ አሳዳሪም እንደነበሩ አሳይተዋል። ዛሬ ጎብኚው በጥላው ሥር ሲሄድ የሚያደንቀው ደን ያለ እነዚያ ሰዎች ጉልበት አልቆመም። አስጎብኚዎች ይህን ቢናገሩ የገዳሙን ክብር አይቀንሱም። ማረሻና ከብት ይከለከል የነበረበት ደንብ ትክክል ነበር፤ ሰው በሰው ላይ የተጫነበት ግን ኃጢአት ነበር። አንዱን ለማወደስ ሌላውን መሸፈን አያስፈልግም።

የጣልያን ወረራና የአምስቱ ዓመት ጦርነት መተማን እንደገና የጦር ሜዳ አደረጋት፤ ጥቅምት 1933 ዓ.ም. በእንግሊዝና በጣልያን መካከል ከባድ ውጊያ ተካሄደባት፤ ኅዳር 1934 ዓ.ም. የመጨረሻው የጣልያን ጦር በጎንደር እጁን ሰጠ። ከዚያ በኋላ ሚዛኑ ወደ ደቡብ ዞረ። ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ፖሊቴክኒክና አውሮፕላን ማረፊያ ያላት ከተማ ሆነች፤ ጣና በምዕራብ በኩል ሳይሆን ከላይ ከሰማይ የሚደረስበት ቦታ ሆነ። ቀደም ብዬ ያነሣሁት የሐይቁ አፍ ማስረጃም የዚህ ዘመን ነው። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ለብዙ ዓመታት ከጣና ገዳማት እኩል፣ ምናልባትም በበለጠ፣ የሚታወቅ የጉብኝት ቦታ ነበር። በ1988 ዓ.ም. በጨራ ጨራ የውሃ መቆጣጠሪያ ተሠራ፤ ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ሲጀምር ውሃው ወደ ተርባይን ተመራ፤ ፏፏቴው በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል ቀጠነ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ከሐይቁ ምዕራባዊ ዳር በዋሻ ውሃ መውሰድ ጀመረ። መብራት አያስፈልግም ማለት አይቻልም፤ በጨለማ ለኖረ ሕዝብ ይህን የሚል ተሟጋች አልሆንም። የምለው ሌላ ነው፦ ጢስ ዓባይ ውበት ብቻ ነበረው፤ ውሃው ሲታሰብ ስለ እሱ የሚከራከር ማኅበር፣ አትንኩት የሚል ደንብ፣ የሚጠብቀው መነኵሴ አልነበረም። ዘጌና ዳጋ ግን ነበራቸው።

በሐይቁ ውሃ ላይ የሆነውም ይህንኑ ያስረዳል። የገዳማቱ ሥልጣን የደሴቱ ዳርቻ ላይ ያበቃል። በሰኔ 2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ ሲመዘግብ እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም በሰሜን ምሥራቁ ዳር ከተንሰራፋ ዓመታት ሆኖት ነበር። የደንቢያና የፎገራ ገበሬ በእጁ እየነቀለ አወጣ፤ ማሽን መጣ፤ አረሙ ግን ማዳበሪያና ደለል ይዞ በሚገባው ውሃ እየተመገበ ይመለሳል። መዝገብና ማዕረግ ብቻውን ሥርዓት አይሆንም፤ በየቀኑ የሚያስፈጽመው ሰው ያስፈልገዋል።

በሥርዓቱ ላይ የሚነሣ አንድ ብርቱ ቅሬታ ይቀራል። ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስና ጣና ቂርቆስ ሴት አያስገቡም፤ ታዲያ ግማሹን እንግዳ ከጀልባ የማያወርድ ደንብ እንዴት የቱሪዝም መሠረት ይሆናል? ቅሬታው እውነተኛ ነው፤ በተለይ ከሩቅ መጥታ ሳትነገራት ዳር ላይ የምትቀር ሴት ማዘኗ ተገቢ ነው። ግን ደንቡን ከማፍረስ ይልቅ አስቀድሞ መንገር ይቀላል። የዘጌዎቹ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያምና ቤተ ማርያም፣ የእቴጌ ምንትዋብ ናርጋ ሥላሴም ለሁሉም ክፍት ናቸው፤ በሥዕልም ከሐይቁ ምርጦች ናቸው። የሐይቁን ታሪክ ከሠሩት ዋነኞቹ ሁለቱ ሴቶች መሆናቸውን፣ ወለተ ጴጥሮስንና ምንትዋብን፣ ማንም አስጎብኚ ሳይናገር ማለፍ የለበትም። የሦስት ደሴት ክልከላን ለማንሣት ከመሟገት በፊት ሬማንና ናርጋን በሚገባ ማስጎብኘት ይቀድማል።

መተማስ ዛሬ ምን አገባት የሚል ቢኖር መልሱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ የምዕራቡ በር በእኛ ዘመንም ተከፍቶ ነበር። ከጎንደር በአይከልና በገንዳ ውሃ በኩል መተማ የሚደርሰው መንገድ አስፋልት ከሆነ በኋላ ከካይሮ ወደ ኬፕታውን በመኪና የሚያቋርጡ የውጭ ተጓዦች የሚገቡበት ጠረፍ ይህ ነበር፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሱዳን ቤተሰቦች ለዒድና ለሙቀቱ ወራት ጎንደርና ባሕር ዳር ይመጡ ነበር። ሐይቅ ዳር አርፎ ቀዝቃዛ አየር ለሚፈልግ የገዳሪፍና የካርቱም ሰው ከጣና የቀረበ የለም። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ በዚያው መንገድ የመጡት ጎብኚዎች ሳይሆኑ ስደተኞች ሆኑ፤ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭትም መንገዱን ጭር አደረገው። አሁን ሂዱና ጎብኙ ለማለት አልደፍርም። መንገዱ ግን ከዚህ በፊት ከቴዎድሮስም ከአቡ አንጃም በኋላ እንደገና ተከፍቷል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ማሰብ ምኞት አይደለም።

ሁለተኛው፣ ሐይቁ ቆላውን ይፈልገዋል። መተማና ቋራ የዕጣን አገር ናቸው። በበጋ ወራት ለቃሚው ስለታም መፋቂያ ይዞ ከዛፍ ወደ ዛፍ ይሄዳል፤ የግንዱን ቀጭን ቅርፊት እንደ አውራ ጣት ጥፍር በትንሹ ይገፋል፤ ነጭ ፈሳሽ ወጥቶ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ይደርቃል፤ ተመልሶ ይለቅመውና ቁስሉን ጥቂት ያሰፋዋል። በአንድ ወቅት ይህ ደጋግሞ ይደረጋል፤ ሲበዛበት ዛፉ ይዳከማል። በመተማ አካባቢ የተደረጉ የደን ጥናቶች ችግኝ አድጎ የአሮጌዎቹን ቦታ እየተካ አለመሆኑን አሳይተዋል፤ እሳትና ግጦሽ አያስበቅሉትም፤ ሰሊጥ እርሻም መሬቱን ይገፋዋል። የዘጌ ደን ያገኘውን ዓይነት ደንብ የመተማ የዕጣን ደን አላገኘም። በጣና አድባራት የሚታጠነው ዕጣን ከዚህ ቆላ ሲሆን ገዳማቱ ስለ ዛፉ ዝም ሊሉ አይገባም፤ አቡነ በትረ ማርያም ለዘጌ የተናገሩትን ቃል ለመተማ ደን የሚናገር ድምፅ ቢኖራቸው ይሰማሉ።

ጎርጎራ ከወንጪና ከኮይሻ ጋር በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ተመርጦ ሪዞርት የተሠራበት መሆኑ ደግሞ ጣናን እንደገና በሰሜን በኩል ለማየት ዕድል ከፍቷል። ሪዞርቱ ብቻውን ግን በጥቂት ሰዎች የሚታይ ውብ ቦታ ሆኖ እንዳይቀር ያሰጋል። ስለዚህ የክልሉን ባህልና ቱሪዝም ቢሮና የገዳማቱን አስተዳደሮች የምለምነው ይህን ነው። የጎብኚው ቁጥር ከመታቀዱ በፊት እያንዳንዱ ገዳም ስንት ሰው፣ በየትኛው ሰዓት፣ በምን ደንብ መቀበል እንደሚችል ራሱ ይጻፍ፤ የመግቢያው ገንዘብ ድርሻ የብራናውንና የሥዕሉን ጥገና ይሸፍን፤ ሰላም ሲወርድ ደግሞ የጉብኝቱ መንገድ ከመተማ ዮሐንስ ይጀምር፣ በጭልጋ ጎርጎራ ይግባ፣ ከዚያም በደልጊና በቁንዝላ ዳር ዳሩን የምትሄደዋ የሐይቁ መርከብ ደቅንና ዘጌን አዳርሳ ባሕር ዳር ታውርደው። የመርከቡ መስመር የቆየ ነው፤ አዲስ ነገር መሥራት አያስፈልገውም።